ፊቱ የማን ነው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የጓደኛዬ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ስለ ቻይና ባህልና ታሪክ ተከታታይ ሌክቸር ጀምሯል። ማርክ የለውም። ልግባ ወይስ ቋንቋውን ብቻ ልማር?» መልሴ ስለረዘመ ለእናንተም ልጽፈው ወደድኩ።

ግቡ። እኔ የገባሁት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተቋራጩ የቻይና ድርጅት ነበር፤ እኔ በአማካሪው ወገን ነኝ። አንድ ቀን የከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያልፍበት ቦይ) ድሮዊንግ ላይ ስህተት አገኘሁ። ስብሰባ ላይ፣ የሳይቱ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ዋና መሐንዲሳቸውን «ይህን ማን ነው ያሰላው?» አልኩት። ስህተቱ የእነሱ ነበር፤ እሱን ዛሬም አልክድም። ሰውዬው ፈገግ አለና «እናየዋለን» አለ። የተስማማ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለደብዳቤዬ መልስ የለም፤ ሥራውም ባለበት ቆመ።

ከዓመታት በኋላ ማታ ማታ በሚሰጥ ሌክቸር ላይ መምህሩ «ሚየንዝ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ፊት ማለት ነው። ቻይናዎች ፊት መስጠት፣ ፊት ማጣት ይላሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ፊት ሰጠው፣ ፊት ነሳው እንላለና! አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ፊት ነሳሁት ስንል የነሳነው የራሳችንን ፊት ነው። ተኮሳትረን ዞር እንላለን። የሰጠነውም የራሳችንን ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ እየተጸጸትን፣ «ፊት ብሰጠው ራሴ ላይ ወጣ» እያልን። እነሱ የሚሉት ፊት ግን የባለቤቱ ነው፤ በሰው ዘንድ ያለው ክብሩ። ልትጨምርለት ትችላለህ፣ ልትገፈውም ትችላለህ። እኔ ያን ቀን ገፈፍኩት። ለብቻው ሻይ ጋብዤ ብነግረው ኖሮ ድሮዊንጉ በሳምንቱ የሚታረም ይመስለኛል። አስተርጓሚያችን እኮ አንድ ቃል አልሳተም፤ የጎደለኝ ቋንቋው አልነበረም።

በዚህች በአንዲት ቃል ግን ቻይናዊን ሁሉ አትለኩ። አንዳንዱ ከሐረርጌ ሰው በላይ ግልጽ ነው።

ስለ ጽሕፈቱ የሚሰጠውንም አትቅሩ። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው የትግርኛ ጋዜጣ ከሞላ ጎደል ጮክ ብሎ ማንበብ ይችላል፤ ትርጉሙ ነው የሚያመልጠው። እዚያ ተገላቢጦሽ ነው። የቤጂንግና የሆንግ ኮንግ ሰው በየአፋቸው ቢያወሩ አይግባቡም፤ ሲጽፉት ግን በአብዛኛው ይግባባሉ። ይህን ጽሕፈት አንድ ያደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አገሪቱን ጠቅልሎ የያዘው የቺን ንጉሥ ነው። የሠረገላ ጎማዎች የሚራራቁበትንም ልክ አንድ አድርጓል። ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ! የእኛ የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የአሁኑ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር። የአንዱ ባቡር በሌላው አይሄድም።

ሥርወ መንግሥታቱን በተራ ለመሸምደድ አትድከሙ፤ እኔም ግማሹን ረስቻለሁ። ይልቅ ፈተናውን ልብ በሉ። እስከ 1905 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለ1,300 ዓመት ያህል ሹመት ማግኛ አንዱ ዋና መንገድ የጽሑፍ ፈተና ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቻይናዊው የሳይት ባልደረባችሁ ስልኩን ካልለቀቀ ልጁ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ተቀምጣ ይሆናል። የማትሪክ ሰሞን ያለፈበት ቤት ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሌክቸሩ የኤምባሲ ንግግር እየመሰለ ከሄደ እጅ አውጡ። ከ1958 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ስለመጣው ረሃብ ጠይቁ፣ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ስለተጀመረው የባህል አብዮት ጠይቁ። በጨዋ ቋንቋ፣ መምህሩንም ፊት ሳታሳጡ። መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።

እኔ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ዝናብና የታክሲ ሰልፍ አስቀሩኝ። ርዕሱ ሻይ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።