የቱሉ ዲምቱውን ልግዛ ወይስ የገርጂውን?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እኅቴ በዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችውን 4.5 ሚሊዮን ብር ይዣለሁ። «የሚከራይ ቤት ግዢልኝ» ብላኛለች። ደላላው ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ኮንዶሚኒየም አሳየኝ። አንዱ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኪራዩ 15,000። ሌላው ገርጂ ያለ ስቱዲዮ ነው፤ አንደኛ ፎቅ፣ 20,000 ይከራያል። እኔን ሰፊው ያጓጓኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከሳሪስ)

መልስ፦ ልጄ፣ ስፋቱን ተይው። እዚያ ቤት የምትኖሪው አንቺ አይደለሽም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። የገርጂው በዓመት 240,000 ያስገባል፣ የቱሉ ዲምቱው 180,000። ካወጣችሁት ብር አንጻር አንዱ 5.3፣ ሌላው 4 በመቶ ነው። የባንክ ቁጠባ እንኳ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ከኪራዩ ላይ ደግሞ ግብር አለ። እኅትሽ ከባንክ የተሻለ የምታተርፈው እንግዲህ የቤቱ ዋጋ ከጨመረ ብቻ ነው። ይህን ሳትደብቂ ንገሪያት፤ የላቧ ገንዘብ ነው።

ደላላው «ኪራዩን በኋላ ትጨምሪያለሽ» ካለሽ አትስሚው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው አያልፍም። ስለዚህ 20,000 የተባለው እውነት መሆኑን እዚያው ብሎክ ያሉትን ተከራዮች ጠይቂ።

አራተኛ ፎቅን እኔ አውቀዋለሁ። በ2009 ጀሞ ገዝቼ ነበር። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ እኔ ቤት ግን ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ቀን ኪራይ ልቀበል ስሄድ ተከራይዋን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኗን አስቀምጣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ነርስ ናት፣ ሌሊቱን አዳር ሠርታ መምጣቷ ነው። ኪራዩን ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሮቶና ፓምፕ እስካስገባ ድረስ እሷ ለቃ ወጣች፣ ቤቱም ሦስት ወር ባዶውን ተቀመጠ።

የእኔ ምርጫ ገርጂ ነው፤ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ብቻ። ባለቤቱን ይዘሽ ክፍለ ከተማ ሂጂ። ካርታው በስሙ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ሳታረጋግጪ ቀብድ የሚባል ነገር እንዳትከፍዪ። የሚሸጥልሽ ወኪል ከሆነ ደግሞ ወካዩን በስልክም ቢሆን አግኚው። ወካይ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል።

ቤቱ በእኅትሽ ስም ይሁን። ዱባይ ካለው ቆንስላ በስሟ እንድትገዢላት ውክልና ትላክልሽ። አንቺ ደግሞ በዚህ ሳምንት ማለዳ ተነሥተሽ ገርጂ ሂጂና ቧንቧውን ክፈቺው።