የሰው መታሰቢያ እጃችሁ ሲገባ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዱ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የአያቱ ቤት ሲፈርስ የተገኘ የአንድ ወታደር መታወቂያ ነው። «ጋሼ፣ ቤተሰቡን እንዴት ላግኝ? ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው?» ይላል። ተው፣ አትልቀቀው አልኩት። ለምን እንደሆነ በስልክ ማስረዳት ረዘመብኝ። እንግዲህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

እዚሁ ጅማ መዝገብ ቤት 34 ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሥራዬ አቧራ መጠጣትና የሰው ስም መፈለግ ነበር። እንዲህ ስላችሁ አዋቂ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

የሰፈራችን አናጺ አንድ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወጥቶ አሮጌ የጣውላ ሳጥን ገዛ። ጣውላውን ለበርጩማ ፈልጎት ነው። ታቹን ሲገነጥለው ድርብ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ጣውላ መሀል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። እንዳለ ይዞት እኔ ቤት መጣ፤ በሰፈሩ የድሮ ወረቀት የተባለ ሁሉ ማረፊያው እኔ ጋ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ፈታሁት። አንድ ሜዳሊያ ወጣ፣ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው። አንድ ደግሞ ለአራት የታጠፈ ፎቶ። ገና ጺም ያላወጣ ወታደር ቆሟል። እጥፋቱ ትከሻው ላይ ነጭ ሰንበር ጥሎበታል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ለውድ እናቴ መታሰቢያ ይሁን፣ ከልጅሽ» ይልና ስም ይከተላል። 1944 ዓ.ም. ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ሜዳሊያው የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ነው። ለእኛ ሰዎች የተሠራው ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ ከሌላው አይምታታም። የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ ወደ ኮሪያ መንገድ የጀመረው በሚያዝያ 1943 ነው። በጦርነቱ 121 ሰው ሞተበት፣ 536 ቆሰለበት። የተማረከበት ግን አንድም የለም።

የወንድሜ ልጅ ጨዋ ነው፤ ጣቱ ግን ይፈጥናል። በዚያው ማታ የሜዳሊያውን ፎቶ ከነስሙ ለቀቀው። «ፎቶግራፍም አለ» ብሎ ጨመረበት። በሦስት ቀን 11 ሰው ደወለ፣ ሁሉም የልጅ ልጅ ነኝ ባይ። ደቡብ ኮሪያ ለዘማች ቤተሰቦች የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ ሰው ሰምቷል፤ አልፈርድባቸውም። አንዱማ ስልክ ላይ አለቀሰ። ልቤ ራርቶ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። «ፎቶው ልጅ ሆኜ ሳሎን ተሰቅሎ፣ በመስተዋት ገብቶ፣ አሁንም ፊቴ ላይ አለ» አለኝ። ለአራት የታጠፈ ፎቶ መስተዋት ውስጥ ምን ሊሠራ!

የድሮ ሰው ዕቃ ጠፋኝ ያለውን «ምልክቱን ተናገር» ይለው ነበር። እናንተም አንድ ምልክት ለራሳችሁ አስቀሩ። ሰውየው ይናገር እንጂ እናንተ አትንገሩት። ዕቃውን ባገኛችሁበት ቀን፣ ከማን እጅ፣ ከየት ቦታ፣ በምን ሁኔታ የሚለውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያ ደግሞ ምንም አትጠቡ፣ ምንም አትጣሉ። ወደዚህኛው እመለሳለሁ።

ከዚያ ስሙን ይዤ ተነሣሁ። የኔ ሙያ ነዋ! ሁለት ወር ለፋሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ስም በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያዳልጥ መዝገብ ቤት ያልሠራ አያውቀውም። አንድ ሰው እዚህ ኃይለ ማርያም ነው፣ እዚያ ሀይለማሪያም፣ ሌላ ቦታ ኃ/ማርያም። የሃሌታውን ሀ የለመደ ጸሐፊ ካለፈበት ፋይሉ ሌላ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የዘማቹ ስም ለልጁ የአባት ስም ነው፤ ለልጅ ልጁ የአያት ስም ይሆናል፤ የልጅ ልጁ ልጅ ላይ ሲደርስ ከወረቀት ይወጣል። ዓለማዊ ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ እናት ያወጣችው አለ። ትምህርት ቤት ወይ ውትድርና ሲገባ ስሙ የተቀየረ የጅማ ልጅ ደግሞ ስንት ነው! ሻለቃው ራሱ እኮ የተጠራው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። አዲስ አበባ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። በዚያ ስም የዘመተ የለም ተባለ።

በመጨረሻ ስሙን ትቼ ሳጥኑን ተከተልኩ። መጀመሪያውኑ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

አናጺው ሻጩን አሳየኝ። ሻጩ መንደራ አካባቢ ተከራዮች ሲለቁ ከአንድ ግቢ እንደገዛው ነገረኝ። ከግቢው ወደ ሰፈሩ እድር ሄድኩ። የሰው ዱካ ስትፈልጉ እድርን አትናቁ። እድር በየወሩ ማን እንደከፈለ ይጽፋል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረም ይጽፋል። ጸሐፊው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣና ምራቁን ጣቱ ላይ እያስነካ ገለጠ። የዚያ ግቢ ከፋይ አንዲት ሴት ናቸው። 1983 ላይ በቀይ ተሰርዞ ጎኑ «አጋሮ ገብተዋል» ተብሏል።

አጋሮ ከእኛ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ዘልዬ ሚኒባስ ውስጥ አልገባሁም። መጀመሪያ የእድሩ ጸሐፊ የሚያውቃቸውን ሰው ላከልኝ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ተገኝቷል፣ ይፈልጉታል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ። ይህን ጥያቄ አደራ አትዝለሉት። አባቱን በክፉ የሚያስታውስ ልጅ አለ፤ ያ ዘመን እንዲነሣበት የማይፈልግም አለ። በስልኩ እየቀረጸ የሰው በር የሚያንኳኳ፣ እናቶች ሲያለቅሱ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ግን... እሱን እንተወው፣ ደሜን ያፈላዋል።

«ይምጣ» አሉ።

72 ዓመታቸው ነው። ቡና ቀርቧል። ሜዳሊያውን አየት አድርገው ረከቦቱ ጎን አስቀመጡት። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጀርባውን ሳያዩ ስሙን ጠሩት፤ እናቱ ብቻ የምትጠራበት ስም ነው አሉኝ። ውትድርና የገባው በሌላ ስም ነው። አዲስ አበባ ለምን እንዳልተገኘ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እኔ ነኝ የሸሸግኩት» አሉ። «1970 ነው፣ አሰሳ የሚመጣበት ጊዜ። ኮሪያ ሄዶ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ መባል ያስፈራ ነበር። አባቴ ሳጥኑን ገልብጦ ‹ያዢልኝ› አለኝ። ሚስማሩን እሱ መታ፣ እኔ መብራት ያዝኩ። ለልጆቼም አልተናገርኩ። እኛ አጋሮ ስንገባ ሳጥኑ እዚያው ቀረ፤ ሰው ሸጠው።»

እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አያቴ ናት ያጠፈችው። እሱ እስኪመለስ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። ስትተኛም አትፈታውም። ስትሞት አባቴ የመቀነቷን ጫፍ ቀደደና ሜዳሊያውንም አብሮ በእሱ ጠቀለለው።» ቀና አሉ። «ጨርቁስ፣ ወንድሜ?»

ያን ዕለት ማታ፣ አይጥ አይጥ ይሸታል ብዬ ከጋዜጣው ጋር ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ከትቼው ነበር። 34 ዓመት ሙሉ «ከፋይል ጋር የመጣ ክር እንኳ አይጣልም» እያልኩ ወጣት ሠራተኞችን ስቆጣ የኖርኩት ሰው።

«ጣልኩት፣ እትዬ» አልኳቸው። መዋሸት አምሮኝ ነበር።

ዝም አሉ። ቆየት ብለው ሲኒዬን ተቀበሉኝና ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

«ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ነበረው» አሉ። «ያኔም ይታይ ነበር?»

አላስተዋልኩም።