«ዘለለ» ወይስ «ተሸጋገረ»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አቶም የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት ሲያገኘው ከአንድ የኃይል እርከን ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔ ለተማሪዎቼ «ዘለለ» እላለሁ። ባልደረባዬ «ተሸጋገረ ነው የሚባለው» ብሎ ይሞግተኛል። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ባልደረባዎ። «ዘለለ» ሞቅ ያለ ቃል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያባርራል። ችግሩ በአማርኛ መዝለል መተውም መሆኑ ነው። ልጁ «አምስተኛ ክፍልን ዘለለ» ከተባለ አምስተኛን አልተማረም። «አቶሙ እርከን ዘለለ» ሲሉት ታዲያ ተማሪው የቷን እርከን እንደተዋት ይፈልጋል።

ፊዚክሱም ለ«ዘለለ» አያደላም። በሲዚየም አቶም የሚሠራውን ሰዓት ይውሰዱ። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰከንድ የሚለካው በዚህ አቶም ሁለት እርከኖች ነው፤ ከእነሱ ጋር የሚገጥመው ማይክሮዌቭ 9,192,631,770 ጊዜ ሲርገበገብ አንድ ሰከንድ ይሞላል። ሞገዱ ከዚህ ልክ ከራቀ አቶሙ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ልኩ ሲገጥም ደግሞ ወሳኙ የምቱ ብርታትና ቆይታ ነው። ምቱ ሙሉ ከሆነ አቶሙ ላይኛው እርከን ይደርሳል። ግማሹ ላይ ከተቋረጠ ታችም ላይም በሆነ ድብልቅ ሁኔታ ይቀራል፤ ቢለኩት ላይ ወይም ታች የመገኘት ዕድሉ እኩል ነው። ምቱ ከቀጠለ ተመልሶ ይወርዳል። አየር ላይ ቆሞ የሚቀር ዝላይ ደግሞ አላየሁም።

ወንዝ የሚሻገር ሰው ግን መሀል ላይ ሊገኝ ይችላል። «ተሸጋገረ» ከዚያው ከ«ተሻገረ» የመጣ ነው፤ «ግ» ተደገመችና ቀስ በቀስ የመሄድን ስሜት ጨመረች። አሻጋሪውንም መጥራት ይቻላል፦ «ምቱ አቶሙን አሸጋገረው»። የፊዚክስ ሊቁ ኢሲዶር ራቢ ያጠናውን፣ በስሙም የሚጠራውን ላይና ታች ማለት ደግሞ «ተመላለሰ» ይሸከመዋል። «ውጣ ውረድ» ብቻ አይበሉት፤ አቶሙ ኑሮ የከበደው ይመስላል።

«ምት» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ትርታ» የሚከታተል ነው፤ ምት ግን አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የሲዚየም ሰዓት በሚጠቀምበት በፊዚክስ ሊቁ ኖርማን ራምዚ ዘዴ አቶሞቹ የሚያገኙት ሁለት አጫጭር ምት ነው፤ በመሀሉ የሚነካቸው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲዚየም ላይ «አቶሙ ተሸጋገረ» ይበሉ እንጂ «ኤሌክትሮኑ ተሸጋገረ» አይበሉ። እዚያ ኤሌክትሮኑ ምሕዋሩን አይለቅም፤ የሚገለበጠው ከአስኳሉ አንጻር ያለው ስፒኑ፣ ማለትም በተፈጥሮው ያለው የሽክርክሪት ባሕርይ ነው።