ለኪራይ የሚታደስ የጭቃ ቤት፦ ብሩ መጀመሪያ የት ይዋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከወላጆቼ የወረስኩት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት አለኝ። ውስጡን አድሼ ላከራየው አስቤያለሁ። ግንበኛው «ሁሉንም በሲሚንቶ ለስነን ቀለም እንቀባው» ይለኛል። የግድግዳው ግርጌ ግን አንድ ክንድ ያህል ይረጥባል። ያለኝ ብር ውስን ነው፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እባክዎ ከልስኑ አይጀምሩ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ልስኑ ከግድግዳው ይለቃል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ቆይቶም ይረግፋል። ከኋላው የታፈነው እርጥበት ደግሞ የባሕር ዛፉን ቋሚ ያበሰብሰዋል።

የመጀመሪያው ብር ለውኃው ይዋል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን፣ አሸንዳ ይገጠም፣ የውጪው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይቆረጥ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይም ይውጣ። ቋሚዎቹን ግርጌያቸው ላይ በካቻቢቴ ይውጓቸው፤ ያለ ጉልበት ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል፣ ሳይለወጥ ምንም አይለሰን።

ቀጥሎ የመብራት መስመር ነው፤ ልስን ካለቀ በኋላ ግድግዳ መብሳት ድርብ ወጪ ነው። ተከራይ ምጣድ ማምጣቱ አይቀርም። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይሰጠው፤ ለሶኬቶች 2.5፣ ለአምፖል 1.5 ይበቃል። የምድር ሽቦው አይቀር።

ከዚያ ልስኑ ይምጣ። ለመኝታና ለሳሎን በጤፍ ጭድ የተቦካ፣ ቀናት ያደረ ጭቃ ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሲሚንቶው ውኃ ለሚነካው ማድቤት ብቻ ይሁን፤ እሱም መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ ቋሚው ላይ ተመትቶ ነው። 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ተቀንሶ 41 ካሬ ገደማ ግድግዳ አለው። በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ሲቦካ፣ ከብክነቱ ጋር 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል። የሲሚንቶው ልስን 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ቀለም የሚቀባው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ሥራውን ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት ይጀምሩት፤ በሐምሌ የተለሰነ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም፣ ቀለሙም ይላጣል።

ኮርኒስና ወለል እንደ አቅም ነው፤ ሴራሚክ ባይኖር በደንብ የተሠራ ሊሾ ይበቃል።

በጀቱን ከሚጨምረው ኪራይ ይነሱ። እድሳቱ በወር 1,500 ብር የሚያስጨምር ከሆነ በዓመት 18,000 ነው፤ 54,000 ብር ያወጣ ሰው በ3 ዓመት ይመልሰዋል። ቤቱ በሥራ ላይ ባዶ የሚቆይበት ወር ኪራይም ወጪ ነው፣ ይደመር። በጭቃ ቤት ግድግዳው ሲከፈት የሚገኘው አይታወቅምና ከጠቅላላው 20 በመቶ ለብቻው ይቀመጥ። ካልነኩት ለቀጣዩ ክረምት ጥገና ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለሙያ በቀን ይሻላል በካሬ? (ከቡሬ)

መልስ፦ ልስንና ቀለም በካሬ፣ መብራት በነጥብ (በአምፖል፣ በሶኬትና በማብሪያ) ቁጥር፣ የማፍረስ ሥራ በቀን። በካሬ ሲዋዋሉ የበርና የመስኮት ቦታ ይቀነስ አይቀነስ በጽሑፍ ይስፈር፤ ጠቡ ሁልጊዜ እዚያ ነው። የመጨረሻውን 10 በመቶ ልስኑ ደርቆ፣ በጣት እየተንኳኳ እስኪፈተሽ ድረስ ይያዙ።