ስለ ጥድና ዝግባ ዘር ጠይቁ (ከጎንደር)

ሰላም ጎንደሮች። የክረምቱ ተከላ ሳይደርስ ስለ አገር በቀል ጥድና ዝግባ ዘር ጠይቁኝ። የጣውላ ዋጋ አላውቅም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ግቢያችን ያለው የሐበሻ ጥድ አፍርቶ አያውቅም። መካን ነው?

መልስ፦ ወንዴ ሳይሆን አይቀርም። ጥድም ዝግባም ብዙውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው የየብቻ ዛፍ ነው። ተዉት።

ጥያቄ፦ ብዙ ችግኝ ላፈላ ነው። ደብራችን ውስጥ አንዲት ትልቅ ጥድ ፍሬ ተሸክማለች። ከእሷ ብቻ ብለቅም ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም! ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ። አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ እህትና ወንድም ተጋቡ ማለት ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ለዛፉ ሲሆን ምነው ዘነጋን? ከዘመድ የመጣ ዘር ባዶ ፍሬ ይበዛበታል፤ ችግኙም ይቀጭጫል።

ቢያንስ ከ30 እናት ዛፍ ልቀም። ጎረቤት ዛፎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸውና 100 ሜትር ያህል ይራራቁ። ከሁሉም እኩል ውሰድ። አንድ ደብር ካልበቃ ሌላ ጨምር፤ ከፍታው ግን ይቀራረብ። የደባርቅን ብርድ የለመደ ዘር ጎርጎራ አታውርድ።

አሁን መልቀም ያለብን ለምን መሰላችሁ? የደብሮቻችን ሽማግሌ ዛፎች ደኑ ሰፊ በነበረ ጊዜ የበቀሉ ናቸው። የዘረመል ስብጥሩ አሁንም እነሱ ላይ አለ። ዙሪያው ታርሶ የወንዴ ዛፍ ብናኝ ከሩቅ መምጣቱ ሲቀንስ፣ የሚጎዱት ልጆቻቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥድ እንዴት ይተከላል?

መልስ፦ የት? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ? አሟልተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ጥድ ከሐበሻው ጋር ይዳቀላል ይባላል።

መልስ፦ አይዳቀልም፤ ወገናቸው ሌላ ነው። የፈረንጁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ፍሬውን እዩ። የፈረንጁ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው። የእኛው ትንሽ፣ ሥጋ ያለው፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ላዩን በጣት ስትጠርጉት ዱቄት የመሰለ ነጭ ሽፋን ይለቃል። ወፎች የሚበሉት ይሄን ነው፤ ዘሩንም እነሱ ይበትኑታል።

አባል፦ ታዲያ የፈረንጁን ለምን ነቅለን አንጥልም?

ሌላ አባል፦ ነቅለህ ምን ልትማግድ ነው ወንድሜ? ቤትህ በምን ተሠራ?

አባል፦ በባሕር ዛፍ!

ሌላ አባል፦ እሱስ የማን አገር ዛፍ ነው?

መልስ፦ ኧረ ተዉ! ወደ ዘሩ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዛፍ ብለቅምስ?

መልስ፦ 30 ብያለሁ። ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ የዝግባ ዘር አልበቅል አለኝ።

መልስ፦ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ውስጡን ሳትነካ ሰንጥቀው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብራችን ውስጥ 30 ጥድ ቆጠርኩ። ነገ ልጀምር?

መልስ፦ ስንቱ ሴቴ ነው? ወንዴውን ደምረህ ሞላ እንዳትለኝ። አለቃውንም አስፈቅድ።