ናይትሪክ ኦክሳይድ ነርቭ ውስጥ ምን ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጥርስ ሐኪም ቤት የሚሰጠው የሚያስቅ ጋዝ ነው?

አይደለም። ያኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ስማቸው ብቻ ነው የተቀራረበው።

ጥያቄ፦ ጋዝ እንዴት የነርቭ መልእክተኛ ይሆናል?

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ሌሎቹ መልእክተኞች በጥቃቅን ከረጢቶች ተጠራቅመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ግን አይጠራቀምም። የህዋሱን ሽፋን አልፎ ይወጣል፣ በሰከንዶች ውስጥም ይጠፋል። ስለዚህ በተፈለገበት ሰዓት እዚያው መሠራት አለበት። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ነው፤ አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድና ከኦክስጅን ጋዙን ያወጣል። ግሉታሜት የተባለው ሌላ የነርቭ መልእክተኛ የነርቩን በር ሲከፍት ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ይይዝና ኢንዛይሙን ያስነሳዋል። ደስ የሚለው፣ ኢንዛይሙ እዚያው በሩ ስር ታስሮ ነው የሚቀመጠው።

ጥያቄ፦ ኢንዛይሙ አንድ ነው?

ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ የነርቭ፣ አንዱ የደም ስር ነው። ሦስተኛው የመከላከያ ህዋሳት ሲቆጡ የሚፈጠር ነው። እሱ የካልሲየም መጨመርን አይጠብቅም፤ አንዴ ከተፈጠረ ለረጅም ሰዓት ያመርታል።

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ መታቸው። ይሄ ጋዝ አንጎል ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እግዚአብሔር ይማርልህ። አዎ፣ እውነትነት አለው። ደም ሲቋረጥ ግሉታሜት ይፈሳል፣ ካልሲየም ያጥለቀልቃል፣ የነርቩ ኢንዛይምም ልክ ያጣል። ጋዙ ሱፐርኦክሳይድ ከሚባል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ጋር ሲገናኝ ፐሮክሲናይትራይት ይሆናል፤ ህዋሱን ክፉኛ የሚጎዳው እሱ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የነርቩ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ስትሮክ ሲደርስባቸው የሞተው የአንጎል ክፍል አነስ ያለ ነበር። የደም ስሩ ኢንዛይም ግን በተቃራኒው ይረዳል፤ ስሩን አስፍቶ ደም ያሳልፋል። አንዱ ጋዝ፣ የተሠራበት ቦታ ሲለያይ ሥራውም ተለየ።

ጥያቄ፦ ከአንጎል ውጭስ?

ሆድ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። የጨጓራን መውጫ የሚያላሉት ነርቮች በዚህ ጋዝ ይጠቀማሉ። እነዚያው አይጦች መውጫው አልላላ ብሏቸው ጨጓራቸው ተነፍቶ ነበር። ሰው ላይም የምግብ ቧንቧውን የታችኛ በር የሚያላሉት ነርቮች ሲሞቱ፣ የተዋጠው ምግብ ደረት ላይ ይቆማል። በሽታው አካላዥያ ይባላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለአንጎሌ የአርጂኒን እንክብል ልግዛ?

ለዚህ ብለህ አትግዛ። የነርቩን ኢንዛይም የሚያስነሳው ካልሲየም እንጂ የአርጂኒን ብዛት አይደለም። የግፊት ወይም የናይትሬት የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ሐኪምህን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር፤ ግፊትህን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል።