ያነበባችሁት አልያዝ ላላችሁ የኤሲሲኤ ተፈታኞች፦ ጠይቁኝ

ሚዛን፦ ጤና ይስጥልኝ። በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት አለሁ። የኤሲሲኤን፣ ማለትም የዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ፣ 13ቱንም ፔፐር (ፈተና) ጨርሻለሁ። ኤፍ አርን (የፋይናንስ ሪፖርት ፈተናውን) ግን መጀመሪያ ስቀመጥ 46 አምጥቼ ወድቄያለሁ፣ ማለፊያው 50 ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ የወደቀ ሰው ምክር ነው። ስለ ንባብና ስለ መያዝ ጠይቁ። ክፍያና የአስተማሪ ስም አልመልስም።

ደብተር፦ ጋሼ፣ የኤፍ አርን መጽሐፍ ሁለቴ ጨረስኩት። ሳነብ ይገባኛል፣ ስዘጋው ባዶ ነኝ። ሦስተኛ ልድገመው?

ሚዛን፦ በፍጹም! ያታለለህ እኮ ሁለቴ ማንበብህ ነው። ገጹን ስታየው «ይሄንን አውቀዋለሁ» ትላለህ። አዎ፣ ሰፈርህ በየቀኑ የምታየውን ሰው መልኩን እንደምታውቀው ነው፤ ስሙን ጥራ ስትባል የለም። ፈተናው የሚጠይቅህ ስሙን ነው። እኔ 46 ባመጣሁ ጊዜ መጽሐፌ በሃይላይተር ብዛት የጥምቀት ዣንጥላ መስሎ ነበር።

ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 (በፈረንጁ) ያወጡት ጥናት አለ። አንዱን የተማሪ ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ዙር አስነበቡት። ሌላውን አንድ ዙር አስነብበው ጽሑፉን ወሰዱበትና ሦስት ጊዜ ያስታወሰውን አጻፉት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈትኗቸው አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት 61 በመቶ ሲያስታውሱ አንባቢዎቹ 40 ላይ ቀሩ። በደንብ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደግሞ እነዚያው አንባቢዎቹ! አንተ ማለት ነህ።

ስለዚህ አንድ ስታንዳርድ (የሂሳብ አያያዝ ደንብ) አንብብ፣ ዝጋው፣ ባዶ ወረቀት አውጥተህ ያስታወስከውን ሁሉ ጻፍ፣ ከዚያ የጠፋህን ብቻ ተመልሰህ እይ። ነገ ድገመው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፣ ከሳምንት በኋላም። ይልቅ አሁኑኑ ሞክሩ። መጽሐፍ ሳትከፍቱ፣ አይኤኤስ 37 በሚባለው ስታንዳርድ ፕሮቪዥን (መጠኑ ወይም መክፈያ ጊዜው ያልተረጋገጠ ዕዳ) መዝገብ ላይ ለማስፈር መሟላት ያለባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉልኝ።

ኮከብ፦ ምዝገባው ስንት ነው?

ሚዛን፦ መግቢያዬን አንብቢው እህቴ።

የየኔታ ልጅ፦ ፈረንጅ ይሄን ገና በ2006 ነው ያገኘው? የኔታ እኮ ሲያስቀጽሉህ መጽሐፍ አያስይዙህም። በቃልህ ትላለህ፣ ስትስት እዚያው ያርሙሃል። እኔ 150ውን መዝሙረ ዳዊት የያዝኩት እንደዚያ ነው።

ኦዲተሯ፦ ሽምደዳ ነዋ! ሴክሽን ሲ ላይ፣ የፈተናው የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ ኬዝ (የአንድ ድርጅት ታሪክ) ነው የሚሰጡህ እንጂ ስታንዳርዱን በቃልህ ውረደው አይሉህም።

የየኔታ ልጅ፦ ቅኔ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? የትናንቱን ቅኔ ይዘሽ ብትቀርቢ ማን ይሰማሻል? በየቀኑ አዲስ ነው የሚቆጠረው። ግሱን በቃልሽ ካልያዝሽ ግን በምን ልትቆጥሪ ነው?

ኦዲተሯ፦ ግእዝና ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ድርጅቶችን ሂሳብ ማዋሃድ) ምን አገናኛቸው?

ሚዛን፦ በጣም ይገናኛሉ። ስታንዳርዱ ግሱ ነው፣ ኪቱ (የመለማመጃ ጥያቄዎች መጽሐፉ) ላይ ያለው ጥያቄ ቅኔው ነው። ኤፍ አር በ3 ሰዓት 100 ነጥብ ነው፤ ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ። ባለ 20 ነጥቡ ኮንሶሊዴሽን 36 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። የጉድዊልን (ድርጅት ሲገዛ ከንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለውን) አሠራር ለማስታወስ ብቻ 6 ደቂቃ ካቃጠልሽ መቼ ልትሠሪው ነው? በሌላ በኩል አሠራሩን እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወጣው ልጅ አውቃለሁ፣ ድርጅቱ ዓመቱ ሲጋመስ ነው የተገዛው ሲባል ግን ይደርቃል፤ ምክንያቱም ኪቱን አልሠራም። አሳታሚው ካፕላን ይሁን ቢፒፒ ግድ የለኝም፣ ኪቱን ሥሩ!

ጳውሎስ ማዶ፦ አንብቤ አይገባኝም፣ ምን ትመክረኛለህ?

ሚዛን፦ ምኑ? የትኛው ፔፐር? የትኛው ምዕራፍ? ኪቱን ከፍተኸዋል?

ጳውሎስ ማዶ፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

ሚዛን፦ በአጠቃላይ ለሚወድቅ ሰው በአጠቃላይ ምክር የለኝም። ቀጣይ።

ፊልድ ላይ፦ ጋሼ እኔ ኦዲት ውስጥ ነኝ። ሐምሌ ከገባ ቤቴን አላየውም። የሴፕቴምበሩን ልውሰድ?

ሚዛን፦ ተው። የሴፕቴምበሩ የሚውለው ነሐሴ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን አካባቢ ነው። ሰኔ 30 መዝገብ ተዘግቶ እስከ ጥቅምት ድረስ የታክስ ማሳወቂያ ሩጫ ላይ ያለ ሰው በምን አንጎሉ ያነባል? ለአንተ የማርቹ፣ ማለትም የካቲት መጨረሻ ላይ ያለው ይሻላል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምር። ማታ ደክሞህ ሁለት ሰዓት ከምታፈጥ፣ ጠዋት 45 ደቂቃ ኪት ሥራ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ደግሞ ቪዲዮ አትይ፤ ትናንት ያነበብከውን ራስህን ጠይቅ። አንኪ የሚባለውን የጥያቄና መልስ ካርድ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫን፣ የረሳኸውን ቶሎ ቶሎ፣ የያዝከውን አራርቆ ያመጣልሃል። ካርዱን ግን ራስህ ጻፈው። የሰው ካርድ የሰው ጫማ ነው።

ትዕግሥቱ፦ በአማርኛ ኖት ብይዝስ?

ሚዛን፦ ለራስህ ስታስረዳ በአማርኛ። ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ፣ ፈተናው በእሱ ስለሆነ።

ኦዲተሯ፦ በአማርኛ ያሰበ ሰው ሲጽፍ ይንተባተባል።

የየኔታ ልጅ፦ አንቺ በምንድን ነው የምታስቢው?

ሚዛን፦ ኧረ ተዉ! ቀጣይ።

ሰኔና ሰኞ፦ የትኛው ቀለም ሃይላይተር ለማስታወስ ይረዳል?

ሚዛን፦ በእናታችሁ፣ ከላይ ያለውን አንብቡ! ጥቁር እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት።

ደብተር፦ ጋሼ፣ ያልከኝን ሞከርኩ። አንድ፣ ካለፈ ድርጊት የመጣ አሁን ያለ ግዴታ። ሁለት፣ ገንዘብ ወይም ሌላ ሀብት የመውጣቱ ዕድል ማመዘኑ። ሦስተኛው ጠፋኝ።

ሚዛን፦ እንዳትከፍት። ታገል።

ኦዲተሯ፦ ልንገረው?

ሚዛን፦ ተይው!

ደብተር፦ መጠኑን በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት መቻሉ!!

ሚዛን፦ ይኸው። ሐሙስ ማታ ደግሜ እጠይቅሃለሁ። 4 ሰዓት ሆነ፣ ደህና እደሩ።

ኮከብ፦ ጋሼ ሳትሄድ፣ ምዝገባው ስንት ነበር?